የሁለት ጾም ውሻ

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ለእናታችን ትቶላት የሄደው ሆዱ የማይረባ ውሻ ነው። ቀበሌ ጠርቶት፣ ቅያሪ ልብሱን በጨርቅ ቋጥሮ በር ላይ ቆመና፣ «እማዬ፣ እስክመጣ ውሻዬን አደራ» አላት። እኔን አደራ ያላት አይመስለኝም። የሚወስደው መኪና ላይ ሲወጣ ውሻው መንገድ ዳር አስመለሰ። እናቴ ሐዘን ነው ብላ ራሱን ደባበሰችው። ሐዘን ሳይሆን የጠዋቱ ሽሮ መሆኑን ያወቅነው ቆይተን ነው።

የሌላው ሰው ውሻ አጥንት ይቆረጥማል፣ የቆሻሻ ክምር ያገላብጣል፣ ሲያገኝም ጫማ ይበላል፤ ምንም አይሆንም። የእኛው ግን ወጥ የነካው እንጀራ ከቀመሰ ሰንብቶ ነው የሚድነው። በርበሬ አይሆንለትም። ዘይት አይሆንለትም። ወተት ያስቀምጠዋል። ባቄላ የበላ ለት ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋና ጥግ ይዞ ተኝቶ ዓይን ዓይናችንን ያያል፤ እኛ መክረን ያደረግንበት ይመስለዋል።

አገሩ ደግሞ ወሎ ነው። ለሰው የሚበላ የጠፋበት ዘመን ገና ከአፋችን አልወጣም። ለውሻ ለብቻው ማብሰል ማሳፈሩ ሳያንስ ግፍም ነው። ስለዚህ እናቴ ቀበሌ ሱቅ ሩዝ መጣ ሲባል ተሰልፋ፣ «በሽተኛ አለብኝ» ትላለች። ሰልፈኛው «እግዜር ይማርልሽ» ይላታል። እሷም «አሜን» ትላለች፣ ከልቧ። በሽተኛውን እንጠይቅ ብለው የመጡትን ሴቶች ምን ብላ ከደጅ እንደምትመልሳቸው ግን ዛሬም አላውቅም።

እናቴ ውሻ ወዳድ አልነበረችም። ከዚያ በፊት ውሻ ደጃፏን ከረገጠ በመጥረጊያ ነበር የምታባርረው። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ ግን የልጇን ስም መጥራት ተወች። ማታ ከሥራ ስገባ የምትነግረኝ «ዛሬ በልቷል» ወይም «ዛሬ አልበላም» ነው። ማን ብዬ አልጠይቅም። በልቶ ያደረ ለት እሷም ትተኛለች፤ ያስቀመጠው ለት መቁጠሪያዋን ይዛ ታነጋለች። እውነቱን ለመናገር እቀና ነበር። እኔም አንዳንዴ ሆዴን ያመኝ ነበር፤ «ጤና አዳም አለልሽ» ነበር የምትለኝ።

አንድ ቀን ስትጸልይ ሰማኋት። «እኔ አደራዬን እስከ ጠበቅሁ ድረስ አንተም አደራዬን ጠብቅልኝ» ትል ነበር። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ውሻው ሳይሞት ከቆየ ልጇም ሳይሞት ይቆያል። ከላይ ካለው ጋር ውል ገብታለች። እሱ መፈረሙን እንጃ፤ እሷ ግን ፈርማ ጨርሳለች።

እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ነበር የምሠራው። በየቀኑ የደሴን ብርድ ከላይ ትተን፣ የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዘን ወርደን ሙቀት ውስጥ እንገባለን። ኮምቦልቻ ውስጥ ደግሞ አንድ የከብት ሐኪም ነበር። አንድ ጠዋት ውሻውን አንገቱ ብቻ በሚወጣበት ጆንያ ከትቼ በሠራተኞች አውቶቡስ ይዤው ወረድኩ። ሐረጎ መታጠፊያው ላይ የፈረቃ አለቃዬ ጫማ ላይ አስመለሰ። አለቃዬ እስከ ኮምቦልቻ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ሄደ።

ሐኪሙ ዕድሜውን በላምና በበሬ መሀል የጨረሰ ሰው ነበር። ውሻውን ከፊትም ከኋላም አየና «ላም ቢሆን ኖሮ» ብሎ ጀመረ። ላም ስላልሆነ ዓረፍተ ነገሩን ተወው። ከዚያ ግን እንዲህ አለ፤ «ጥቂት ጥቂት፣ ቀን ቀን፣ በሰዓቱ። ሩዝ፣ ከሱ ጋር የተቀቀለ ጉበት ወይ ጮማ የሌለው ሥጋ። ዘይት የለም። በርበሬ የለም። ሽንኩርት የለም። ጥራጥሬ እንዳታስጠጉት። ተርቦ ከቆየ በኋላ ደግሞ ጠግቦ እንዳይበላ።»

«እኔ ራሴ እንዲህ አልበላም» አልኩት።

«አንቺ አልታመምሽም» አለኝ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ወደ መደርደሪያው አየች። ያየችው ሁዳዴ ሊገባ ስለነበር ነው። የፍስክ ድስቶቿን በአመድ ፈትጋ አጥባ መደርደሪያው ላይ ደፍታቸዋለች፤ እስከ ፋሲካ የሚነካቸው የለም። ከሁዳዴ እስከ ፋሲካ እኛ ቤት የሥጋ ሽታ ሲሸት ኖሮ አያውቅም። እሷ ልጅ ወልዳ አራስ ቤት እያለች እንኳ አልገደፈችም ይባላል፤ የሚለው ግን እሷው ናት። ጨነቃትና የነፍስ አባቷን ልትጠይቅ ሄደች።

አባ ጥያቄውን ሰሙና «ውሻ አይጾምም» አሉ። ትንሽ አሰቡና ደግሞ፣ «ድስቱ ግን ይጾማል» አሉ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እናቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ጎረቤታችንን ጠራች። ጎረቤታችን እስላም ናት፤ ባሏ ሥጋ ቤት አለው። ከእናቴ ጋር ከልጅነታቸው በቀር ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ አብረው ያሳለፉ ናቸው። በሠርግም በሐዘንም የእስላሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይቀርባል፤ ከዚያ ውጭ ግን የሁለቱን ቤት ዕቃ ለይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

«እኔ እቀቅልለታለሁ፣ ምን ችግር አለው?» አለች ጎረቤታችን። «ጉበት ሞልቶ! ግን ቆይ፣ ሸኾቹን ልጠይቅ።»

ሸኾቹም አሰቡ። ቤት የሚጠብቅ ውሻ መቀለብ ነውር የለውም፤ ምራቁ የነካው ዕቃ ግን ለብቻው ይሁን፣ ከቤት ዕቃ ጋር አይቀላቀል አሉ። እንዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሃይማኖት በድስት ጉዳይ ተስማማ።

ስለዚህ አንድ እጀታው የወለቀ አሮጌ ድስት ተፈለገና አጥሩ ላይ፣ ከሁለቱ ግቢ ወሰን ላይ፣ በሽቦ ተንጠለጠለ። የእኛም አይደለም፣ የእነሱም አይደለም። ጎረቤታችን ከራሷ ድስት ቀቅላ ወደዚያ ትገለብጣለች፤ እናቴ ከዚያ አውርዳ ታበላና አጥባ ትመልሳለች። የደርግ ካድሬዎች ሃይማኖት እንድንተው ያን ሁሉ ዓመት ሲያስተምሩን ኖረው፣ በሰፈራችን የተሳካላቸው ያ ድስት ብቻ ነበር።

ውሻው ወዲያው አማረበት። ፀጉሩ ለሰለሰ፣ ጎኑ ሞላ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ነውና የሚጮኸውም አጥሩ ሥር ቆሞ ለሁለቱም ቤት ሆነ። እናቴ ማታ ስገባ «በልቷል» ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ነገር እሰማው ነበር። ያኔ ወንድሜ ካለበት ከሰሜኑ ጦር ግንባር የሚመጣው ወሬ ሁሉ ክፉ ነበር። የእሷ ወሬ ግን የአጥሩ ወሬ ነበር።

ሁዳዴው ሲጋመስ ረመዳን ገባ። ሁለቱ ጾም አልፎ አልፎ እንዲህ ይገጥማል። ያን ጊዜ ደሴ ቀን ቀን ጭር ትላለች፤ ሻይ ቤቱ ባዶ ነው፣ ምግብ ቤቱ ባዶ ነው። በቀን የሚበሉት ካድሬዎች ብቻ ናቸው፣ እነሱም በር ዘግተው።

ረመዳን በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ውሻው መክሳት ጀመረ። እኔ ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ሲመሽ ነው የምገባው። «ምን በላ?» እላለሁ። «ያው የተለመደውን» ትለኛለች እናቴ። ጎረቤታችንን በአጥር እጠይቃለሁ። «ያው ነው ልጄ፣ አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» ትለኛለች። ሁለቱም በወላዲት አምላክና በአላህ የሚምሉ፣ በሕይወታቸው ዋሽተው የማያውቁ ሴቶች ናቸው። ውሻው ግን ደም ቀላቅሎ ማስቀመጥ ጀምሯል። ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነገርኩት። «ሩዝና ጉበት በሰዓቱ እየበላ እንዲህ አይሆንም» አለ። «እየበላ ነው» አልኩት። «እንግዲያው ላም ነው» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሰሙነ ሕማማት ላይ ፋብሪካው ጥጥ አልመጣም ተብሎ የእኛ ፈረቃ ቤት ዋለ። ሐሙስ ዕለት፣ በዚያ ጾም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀኑን ሙሉ ግቢያችን ውስጥ ተቀመጥኩ። ውሻው የለም። ብፈልገው ከቤቱ ጀርባ፣ ከጎረቤት በማይታይበት፣ በገመድ ታስሯል። ፊቱ ምግብም ውሃም የለም።

«እማዬ፣ ይኼ እንስሳ ምሳውን በልቷል?»

«ድምፅሽን ቀንሺ!» አለችኝና ወደ አጥሩ አየች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሴትዮዋ ምራቋን እንኳ ሳትውጥ እየዋለች፣ ከፊቷ ውሻ ላበላ ነው? ቀን ቀን ምድጃ እንድታነድልኝስ ላደርግ ነው? ነውር አይደለም ወይ? ጀምበር ስትጠልቅ አብሯት ይበላል» አለችኝ።

«ነግረሻታል?»

«ውለታ ተነግሮ ምኑን ውለታ ሆነ!»

ውሻው እንግዲህ ረመዳን ይጾም ነበር። ምላሱን አውጥቶ፣ ከጎረቤታችን ቀድሞ አዛኑን እየጠበቀ። አዛን ሲባል እናቴ ገመዱን ፈታችው። እየተንገዳገደ ወደ አጥሩ ሄደ። ድስቱን ያን ዕለት ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ እናቴ የሥጋ ሽታ እንዳይነካት አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና፣ በጨለማ ሳታየው ነበር የምታቀርብለት። ክዳኑን ስከፍት በርበሬው አፍንጫዬን መታኝ። የምስር ወጥ ነው፣ ዘይት ተንሳፍፎበት። ከላዩ የተፈረፈረ ሳምቡሳ አለበት፣ እሱም የምስር።

«እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ምንድን ነው ይኼ ያደረጉበት?»

ጎረቤታችን በአፏ ተምር እንደያዘች አጥሩ ጋ መጣች።

«ምነው ልጄ?»

«ጉበቱስ?»

ወደ እኛ ቤት በር አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። የዚያን ዕለት ሁሉም ድምፁን ሲቀንስ ነው የዋለው። «እኔም ከጾምኩ ወዲህ ገባኝ እኮ» አለችኝ። «እናትሽ በዚያ ጽኑ ጾሟ ላይ፣ በሕማማቷ፣ እኔ በአጥር የሥጋ ሽታ ልልክባት? ወላሂ አላደርገውም! የጾሙን አደረግኩለት። ከራሴ ማፍጠሪያ ነው የቆረስኩለት፣ ለውሻ ብዬ ያሳነስኩበት የለም።»

«ነግረዋታል?»

«ኧረ እንዴት ተብሎ ይነገራል?»

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሁለቱ ሴቶች በአጥሩ ላይ ተያዩ። የሚበላው የሁዳዴ፣ ሰዓቱ የረመዳን። ሐኪሙ አታድርጉ ያለውን አንድም ሳያስቀሩ፣ ግማሹን አንዷ፣ ግማሹን አንዷ አድርገውታል። ያደረጉትም በክፋት አይደለም፤ በይሉኝታ ነው። ሌላ አገር ቢሆን አንዷ «ሥጋሽ ሸተተኝ» ብላ፣ ሌላዋ «ውሻሽን ዞር አድርጊልኝ» ብላ ተጣልተው ውሻው ጤነኛ ሆኖ ይኖር ነበር። ልስቅ አሰብኩና ውሻውን አየሁት። ድስቱን አሸትቶ ሳይቀምስ ተኝቷል።

በማግስቱ ስቅለት ነው። ውሻው አልተነሣም። ዓይኑን ይገልጣል፣ ይከድናል፤ ድዱ ነጥቷል። እናቴ ለስግደት ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆመች። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሰማል፤ በመንገዱ ሴቱ ወንዱ ነጭ በነጭ ሆኖ ይጎርፋል። ስቅለት ቀን ቤቷ ቀርታ አታውቅም። ውሻውን አየችው። ደጁን አየች። ከዚያ ነጠላዋን አወለቀችና አጣጥፋ አልጋዋ ላይ አስቀመጠች። ወደ ጓዳ ገባች። ብረት ሲንኳኳ ሰማሁ። ከተደፉት የፍስክ ድስቶች ትልቁን ይዛ ወጣች።

«እሳቱን አንድጂ» አለችኝ።

ጎረቤታችን ጉበቱን ይዛ በአጥሩ ሳይሆን ዞራ በበሩ መጣች። እናቴ በስቅለት፣ በገዛ ምድጃዋ፣ በገዛ ድስቷ ሥጋ ቀቀለች። ሽታው ግቢውን ሞላው። ማንም ማንንም አላየም። መረቁ ሲበርድ ውሻው ራሱን ማቅናት አቃተው። እኔ ማንኪያ ይዤ ስንደፋደፍ ጎረቤታችን ቁጭ አለችና ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ ጭኗ ላይ አደረገችው። ምራቁ በቀሚሷ ላይ ወረደ። በዚያ ሁሉ ዘመን ውሻ በጣቷ ነክታ አታውቅም።

«እትዬ፣ ጾመኛ ነዎት፣ ሰላትዎስ?» አልኳት።

«እታጠባለሁ» አለች። «በአፈርም በውሃም እታጠባለሁ። ዝም ብለሽ መረቁን አቀብያት።»

እናቴ ጣቷን መረቁ ውስጥ እየነከረች ከንፈሩ ላይ ጠብ ታደርግለታለች። አይውጥም፤ ደግማ ጠብ ታደርጋለች። «ዋጥ» ትለዋለች። «ዋጥ አድርግልኝ። ልጄ መጥቶ ሲጠይቀኝ ምን እለዋለሁ? ምን ብዬ ልቀበለው?»

ከሄደ ጀምሮ ልጄ ስትል ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። ጎረቤታችን አብሽሪ አላለቻትም። እንባዋ እየወረደ የውሻውን ራስ ይዛ ቆየች። እኔም አለቀስኩ። ወንድሜ ናፍቆኝ ነበር፤ ያን ያህል ጊዜ ተናግሬው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዋጠ። በቀዳም ስዑር ተነሥቶ ቆመ፤ በፋሲካ ጠዋት ለሁለቱም ቤት ጮኸ። እናቴ ለአባ ሁሉንም ተናዘዘች። አባ እንደ ልማዳቸው ትንሽ አስበው፣ «ድስቱን አጥቢው» አሏት። ስግደትም ጨምረው ሰጧት፤ ጉልበቷን እያመማት ሰገደች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች ስለ ውሻው የሚያደርጉትን ሁሉ በአጥር ላይ እየጮኹ ይነጋገሩ ጀመር፤ ያስቀመጠውንም ያላስቀመጠውንም ሰፈሩ ይሰማ ነበር።

ፋሲካው ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ደርግ ወደቀ። ወታደሩ ተበትኖ በእግሩ አገሩን ሞላው። እናቴ ውሻውን በገመድ ይዛ፣ ጎረቤታችን ዳቦ በመሶብ ይዛ፣ ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ወርደው ይቀመጡ ጀመር። «ሽታውን ያውቃል፤ እኔ ባልለየው እንኳ እሱ ይለየዋል» ትላለች እናቴ። የሚያልፈው ሁሉ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ እግሩ ቆስሎ ነው። ለሁሉም ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ሁሉንም ይጠይቃሉ። አንዱ አሥመራ አየሁት ይላል፤ ሌላው የእነሱ ጦር ሱዳን ገባ ይላል፤ ሌላው ዳቦውን እያየ የሚጠይቁትን ሁሉ አዎ ይላል። ውሻው የሁሉንም እግር አሸተተ። ቀን በቀን የሚያልፈው ሰው እያነሰ ሄደና መንገዱ የመኪና ብቻ ሆነ።

መርዶ አልመጣም። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም። አንዳንድ ዘመዶች «እንግዲህ ቁርጡን አውቀሽ ተቀመጪ» ሲሏት ትነሣና ለውሻው ሩዝ ትለቅማለች። ዓመት ዓመትን ወለደ። እኔ አገባሁ፣ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ውሻው አፉ ዙሪያ ሸበተ፣ አንድ ዓይኑ ፈሰሰ፣ ጆሮው ደነቆረ። እናቴ ለእኔ ሠርግ ድስቱ ሲጣድ እንኳ ለእሱ የሚቀቀለውን ለብቻ አስለይታ ነበር። ሆዱ እስከ መጨረሻው ደኅና ሆነ። የሞተው በእርጅና ነው፤ አንድ ጠዋት ከተኛበት አልነቃም።

ስልክ ተደውሎልኝ ከኮምቦልቻ ስደርስ የጎረቤታችን ባል ከጓሮ ቀብሮት እጁን ይታጠባል። እናቴ ወለሉ ላይ ሰሌን አንጥፋ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። አላለቀሰችም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም፤ ለውሻ ምን ይባላል?

ጎረቤታችን ጥቁር ሻሽ አስራ ገባች። ጫማዋን አውልቃ ከእናቴ ጎን ሰሌኑ ላይ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት። «ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ እህቴ» አለቻት። ያን ጊዜ እናቴ ድምፅዋን አውጥታ በወንድሜ ስም ጮኸች። ጩኸቱን የሰማ ሰፈር ተጠራርቶ መጣ። ሴቶቹ በሩ ላይ፣ «ምንድን ነው? ማን ሞተ?» ሲሉ የመለሰችላቸው ጎረቤታችን ናት።

«ልጃችን» አለች። «ግቡ፣ ተቀመጡ።»

ገቡ፣ ተቀመጡ። አንዳንዱ ከጓሮ አዲሱን አፈር አይቶታል፤ ስለ ውሻው ግን ማንም አላነሣም።